ሜሮን ያስቀባችው ፔዦ

ሐረር ውስጥ የፔዦ 404 ባለቤት መሆን ምን ያህል ዘመድ እንደሚያፈራ የሚያውቀው ባለቤቷ ብቻ ነው። በጥር መግቢያ ላይ የጎረቤቴ ልጅ እናቱን አስከትሎ፣ ሁለት ኪሎ ሙዝ አንጠልጥሎ መጣና «ጋሼ፣ ቅዱሱን ዘይት፣ ሜሮንን፣ ስቀባ ከኋላዬ የሚቆም የሜሮን አባት ይሁኑኝ» ሲለኝ፣ ሃይማኖተኛነቴ በስተርጅና ታወቀልኝ ብዬ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ለካ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የእኛ የካቶሊኮቹ ቄስ መዝገብ ቢያገላብጡ፣ ልጁ ተጠምቋል፣ ቆርቧል፣ ሜሮን ግን አልተቀባም። ኦርቶዶክሷ ጎረቤታችን «ከክርስትናው ጋር አልተቀባም እንዴ?» ብለው ተገረሙ። አልተሳሳቱም፤ በእነርሱም ሆነ በግእዝ ሥርዓት በሚመሩት ካቶሊኮች ዘንድ ሁለቱ ምሥጢራት አብረው ይፈጸማሉ። የሐረር ሰበካ ግን ካፑቺን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት ሚሲዮናውያን ያቀኑት፣ የላቲንን፣ ማለትም የምዕራባውያን ካቶሊኮችን፣ ሥርዓት የሚከተል በመሆኑ፣ ሕፃኑ ነፍስ እስኪያውቅ ይቆያል፤ አንዳንዱም እንደኛው ሙሽራ ነፍስ ካወቀ በኋላ ጭራሽ ይረሳዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ደግሞ ከባድ ችግር ካልገጠመ በቀር ሜሮን ከጋብቻ ይቅደም ይላል።

ቄሱ አስጠርተው መረመሩኝ። የሜሮን አባት 16 ዓመት የሞላው፣ ካቶሊክ የሆነ፣ ራሱ ሜሮን የተቀባና የቆረበ፣ የተቀቢው ወላጅ ያልሆነ ሊሆን ይገባል። ዕድሜውን በአርባ ዓመት ትርፍ አለፍኩ፤ ሌላውንም በሰነድ አስረዳሁ። «ለእምነቱ የሚስማማ ኑሮ የሚኖር» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን ሳል ያዘኝና ቄሱ ደግ ሰው ስለሆኑ ውኃ አስመጡልኝ። ስለ መኪና የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም።

በዕለቱ እንደ ደንቡ ቀኝ እጄን በልጁ ትከሻ ላይ አድርጌ ከኋላው ቆምኩ። ጳጳሱ አውራ ጣታቸውን በቅብዐ ሜሮኑ ነክረው ግንባሩን በመስቀል ምልክት አተሙት፤ «ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን» ሲሉትም «ከመንፈስህም ጋር» ብሎ መለሰና፣ ዘይቱ ከግንባሩ ሳይደርቅ አንገቱን ወደ እኔ ጠምዘዝ አድርጎ «ጋሼ፣ ጎማዋ ተቀየረ?» አለኝ።

ሠርጉ ላይ ደግሞ ጠቡ በምስክርነት ሆነ። ለጋብቻው ጽናት ከቄሱ ሌላ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ፤ አይተውና ሰምተው መመስከር ከቻሉ ካቶሊክ መሆናቸው እንኳ ግድ አይደለም። ሚዜዎቹ ግን ስምንት ነበሩ፤ ስምንቱም እስክሪብቶ ይዘው መጥተዋል። አንድ አጎት ሳይፈርም በመቅረቱ ምሳ አልበላም ብሎ፣ ጥሬ ሥጋው ሲቀርብ ለሰላም ሲል ታረቀ። በላቲኖች ትምህርት ምሥጢሩን የሚፈጽሙት በቃላቸው ሙሽሮቹ ራሳቸው ናቸውና፣ ሁሉም የቆመው ያን አንድ ቃል ሊሰማ ነበር፤ ቪዲዮ ቀራጩ ግን «እሺታው አልገባልኝም፣ ይድገሙልኝ!» ብሎ ጮኸ። ቄሱ በዓይናቸው ብቻ መለሱለት።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሌሎች ነው። የሜሮን አባት ውጭ፣ ሪባን በታሰረባት መኪና ውስጥ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን እየረገጠ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሜሮን ልጄ ቤቴ የመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ስለ ጸሎት ልመክረው ጉሮሮዬን ስጠርግ «ፔዦዋ ተሸጠች የሚባለው እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነት ነው አልኩት። ሚስቱ ፀንሳለች፤ ለክርስትና አባትነት የታጨው ሰው ሚኒባስ አለው አሉ።