የቀትር ጋኔንን ከጣና ዳር አታባርሩት

ሰሞኑን ባሕር ዳር ለአስጎብኚዎች በተሰጠ አንድ ሥልጠና ላይ የተነገረ ነገር ሰምቼ እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። አሠልጣኙ የጋኔን፣ የቆሌ፣ የውሃ መንፈስ ወሬ ለእንግዳ እንዳይነገር መክረዋል። የነገሥታት ስምና ዓመተ ምሕረት ይበቃል ብለዋል። ምክንያታቸው ደግሞ ተረት የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል፣ ፈረንጅም ይስቅብናል የሚል ነው። እዚያ የነበሩት ልጆች ማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ወጥተዋል። ነገ ጀልባ ላይ ያንኑ ይደግሙታል።

ፈረንጅ ይስቅብናል? የትኛው ፈረንጅ ነው? የስኮትላንድ ሰዎች ኔስ ሐይቅ ውስጥ አለ የሚባለውን አውሬ እያወሩ ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ይሰበስባሉ። ሩማንያ ብራን የሚባለውን ግንብ በደም መጣጭ ተረት ታስጎበኛለች። በዚህ የተዋረደ አገር አላየሁም። ደግሞ የእኛን ወሬ ፍለጋ የመጣው ፈረንጅ የዛሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የአባይ መነሻ ምንጭ ወዳለበት ግሽ አባይ ሲደርስ የአገው ሰዎች ለምንጩ መሥዋዕት እንደሚያቀርቡ አይቶና ጠይቆ ጽፏል። አሠልጣኙ አትንገሩ ያሉትን ነገር ሰውየው ከ230 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ መጽሐፍ ውስጥ አስገብቶታል። እኛ ዝም ብንል ወሬው አይጠፋም። የሚጠፋው የእኛ አነጋገር ነው።

ከሃይማኖት ጋር ይጋጫል የሚሉም አሉ። ዳዊት የሚደግም ሰው ይህን እንዴት እንደሚል አይገባኝም። መዝሙር 90 ላይ «ከቀትር ጋኔን» የሚለውን ቃል ስንቱ ሰው በየጠዋቱ ያነበዋል!

እስቲ ስለዚሁ የቀትር ጋኔን እናውራ፤ የነገሩ እምብርት እሱ ነውና። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ «በቀትር ውሃ አትውረድ» ተብሏል። እናት ትለዋለች፣ አያት ትለዋለች፣ ልብስ የምታጥበው ጎረቤትም ከሩቅ ትጮህበታለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ጋኔን ውሃ ዳር ይቀመጣል፣ የወረደውን ይለክፋል። አሁን ደግሞ የጤና ባለሙያ ጠይቁ። ቢልሃርዝያ የጣና ዳር ልጆች በሽታ ነው። የሚያመጣው ጥቃቅን ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ በብዛት የሚዋኘው ብርሃንና ሙቀት ሲበረታ፣ እኩለ ቀን ገደማ ነው። ቆዳ በስቶ ይገባል። ልጁ ያን ቀን ምንም አይሰማውም፤ ቆይቶ ሆዱ ይነፋል፣ ይከሳል፣ ደም ይቀላቅለዋል። አያቶቻችን አጉሊ መነጽር አልነበራቸውም። ዓይን ግን ነበራቸው። በቀትር ውሃ የሚገባው ልጅ እንደሚታመም አይተዋል፣ ያዩትንም ልጅ በሚፈራው ስም ጠርተውታል። እኔ በዚህ አልጠራጠርም። ያ ወሬ ስንት ልጅ ከውሃ እንዳስቀረ ማን ቆጠረ? አሁን «ተረት ነው» ብለን ጥለነው በምትኩ ምን ሰጠን? ቀትር ላይ ዳርቻው ላይ የሚንቦጫረቁትን ልጆች ሄዳችሁ እዩ።

ጣና ውስጥ ገብቶ የሚታየው ባሕረ ገብ መሬት፣ ዘጌም ያው ነው። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ ይባላል። በሬ እንዳይጠመድ፣ ከብት እንዳይረባ ቃል ኪዳን አለ፤ ያፈረሰ መቅሠፍት ያገኘዋል። ይህን ተረት አውጡትና ዘጌን በዓመተ ምሕረት ብቻ ለማስረዳት ሞክሩ። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ስትወጡ ግራና ቀኝ ጥላ የሚሆናችሁ ጫካ ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ እንዴት ተረፈ? የደን ጠባቂ ስለተቀጠረ ነው? ሰው ስለፈራ ነው የተረፈው። የጣና ዳር ትልቁ የደን ሕግ ያ ፍርሃት ነው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን የጣና ዳር ነዋሪዎቹ የወይጦዎች ነገር ነው። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ፣ ጉማሬው የሚተኛበትን፣ ደንገሉ የሚታጨድበትን ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዳ ፎቶ የሚያነሳትን ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ደንገሉን አድርቀው፣ እያሰሩ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አቅንተው። ድሮ ለአባይ መንፈስ ግብር ያቀርቡ ነበር። በነገሥታት ዝርዝር ውስጥ ወይጦ የለም። ግንብ አልሠራም፣ ዜና መዋዕል አልተጻፈለትም። ታሪኩ ያለው በዚያ በውሃው መንፈስ ወሬ ውስጥ ነው። ወሬውን ስትሰርዙ ሰውየውንም ትሰርዛላችሁ። መሬቱን ከሐይቁ ዳር እየለቀቀ ነው፤ አሁን ከወሬውም ይውጣ?

የነገሥታቱንም ታሪክ ቢሆን እንዲህ ደረቅ አድርገን ማን አተረፈ? በ1624 ዓ.ም. በዐፄ ሱስንዮስ ሠራዊትና የንጉሡን የካቶሊክ እምነት ተቃውሞ በሸፈተው በላስታው መልክአ ክርስቶስ መካከል ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተጽፏል። ብዙው ገበሬ ነበር። የአንዱም ስም አልተያዘ። ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነቱን ነገር ትቶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ የለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። አስጎብኚው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብሎት ያልፋል። የጦር ሜዳ የነበረን ቦታ በምሽት ለማለፍ የሚፈራ እረኛ ካለ እነዚያን ሙታን ያስታወሰ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። የቡዳ ወሬ ሰው ጎድቷል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ዘጌ ውስጥ ደግሞ የባሪያ ዘር የተባለውን ሰው ከማዕድ አግልሏል። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ይቅር፣ ዛሬውኑ ይቅር። ግን ይህም ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም። ቡዳ የተባለው ለምን ሁልጊዜ መሬት የሌለው፣ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ሆነ? ዘጌ ላይ ያን የሚያስረዳ አስጎብኚ ስለ ባርነት ዘመን ከማንኛውም ሠሌዳ የተሻለ ያስተምራል። ማንም እንዳይናገር ካደረግን ጥላቻው እቤት ውስጥ፣ በሹክሹክታ ይቀጥላል።

ስለዚህ ሥልጠናው የሚደገም ከሆነ አሠልጣኙ ብቻቸውን መድረክ ላይ አይቁሙ። ታንኳ የሚሠሩ የወይጦ አባቶች ይጠሩ። የዘጌ መነኮሳት ይጠሩ። በቀትር ልጅ የሚያባርሩ እናቶችም ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ አበላቸውም እንደ ሌላው ይከፈል። አስጎብኚዎቹ ማስታወሻቸውን ይክፈቱና እነሱ የሚሉትን ይጻፉ።