ፈቃድ ወጥቼ የት ልሂድ?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ዱባይ የተነሣውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። የስድብ ዶፍ ወረደበት። «መጀመሪያ አገርህን እወቅ!» «ላሊበላን ሳታይ ቡርጅ ከሊፋ?» እኔም አንድ ነገር ልጽፍ ጀምሬ አጠፋሁት። ምክንያቱም ሄጄ መጥቻለሁ። የደሴ ልጅ ሆኜ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጡን ያየሁት ከዱባይ በኋላ ነው። ምን አፍ አለኝ?

ወሎ ውስጥ መንገድ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ክርስቲያኑ መስከረም 21 ግሸን ይወጣል፣ ለገና ላሊበላ ይሄዳል። ሙስሊሙ ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ ይሄዳል። ሁሉም ስለት ወይም ጉዳይ አለው። እንዲሁ ለመዝናናት ብቻ መሄድ ነው ያልለመደብን። ውጭ አገር ማለት ደግሞ ለብዙዎቻችን «ዓረብ አገር» ነው፤ ዓረብ አገር የሚኬደው ለሥራ ነው። አክስቴ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። ቀይ ባሕርን የምታውቀው በመኪና መስኮት ነው፤ የአሠሪዎቿን ሕፃን ታቅፋ።

እኔ ዱባይ የሄድኩት በ2015 ነው፣ ለአምስት ቀን። እውነቱን ልናገር፦ ደስ ብሎኛል። ያስደሰተኝ 828 ሜትሩ ሕንፃ አይደለም። እዚያ ማንም እኔን አለማወቁ ነው። ለቅሶ የለም፣ ሰደቃ የለም፣ «ጠፋህሳ!» የሚል የለም። አገር ቤት ፈቃድ ስወጣ የመጀመሪያው ቀን አጎቴ ቤት ነው፣ ሁለተኛው ለቅሶ መድረስ ነው፣ ሦስተኛው የሰው ሠርግ ድንኳን መትከል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያ የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ይሰጣል። ዘመድ ግን አዋጁን አላነበበውም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክፍሌን ልታጸዳ የመጣችው ልጅ ሐበሻ ሆና ተገኘች።

«የየት ልጅ ነህ?»

«የደሴ።»

«ውይ! እኔ የሐርቡ ነኝ።»

አንሶላውን በእጇ እንደያዘች ቆመች። «ማሽላው ዘንድሮ እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔ የከተማ ልጅ፣ ስለ ማሽላ ምን አውቃለሁ? «ጥሩ ነው» አልኳት። ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲያ አልጋዬን ራሴ አነጠፍኩ፣ ፎጣዬንም አጥፌ አስቀመጥኩ። ዕረፍቴ እዚያ ላይ አለቀ።

ስመለስ አክስቴ ቡና አፍልታ ፎቶዎቹን አየች። ሕንፃውን አለፈችው፣ ፏፏቴውንም አለፈችው። «አልጋህን ማን ነበር የሚያነጥፍልህ?» አለች። ነገርኳት። ዝም ብላ ቶናውን ቀዳች።

በሳምንቱ ሐይቅ ወሰድኳት። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም የሚያስገባው ወንድ ብቻ ነው። እኔ ገብቼ ስወጣ እሷ ዳር ላይ ጠበቀችኝ። ከዚያ አንድ መዝናኛ ገባን። ያዘዝነው ዓሣ የመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። መጸዳጃ ቤቱ ውኃ የለውም፤ ሐይቁ ደግሞ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ሒሳቡ ሲመጣ ዱባይ ትዝ አለኝ። «አገርህን እወቅ» ባዮቹ ይህን አይጽፉም። አክስቴ ግን ዓሣው እስኪመጣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር። «ጅዳ እንዲህ አድርጌ አላውቅም» አለች፣ ወደኔ ሳትዞር።

ስለዚህ የሄደውን ከሃዲ፣ የቀረውን አገር ወዳድ ማለት አይዋጥልኝም። የቀረው አብዛኛው ሰው ብር ስለሌለው ነው የቀረው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። እኔ ዛሬ ቢሆን አልሄድም ነበር። አገር ውስጥም ቢሆን እንደ ልብ አይኬድም፤ ከደሴ ላሊበላ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ይጠይቃል።

ዘንድሮ ፈቃዴ ጥር ላይ ነው። አክስቴ ሐይቅን እንድንደግመው ትፈልጋለች። የአጎቴ ልጅ ሠርግም ጥር ላይ ነው፤ ድንኳኑን እንደምተክል እኔ ሳልጠየቅ ተወስኗል። ለኬንያ ደግሞ ቪዛ አያስፈልገንም። የናይሮቢን ቲኬት ዋጋ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ለቤተሰብ ትንፍሽ አላልኩም። አጎቴ ፌስቡክ የለውም።