ፎቶግራፉን ከነስሙ እናስቀምጥ

ፎቶግራፍ በማነሳበት የሰፈር ሜዳ ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ አንድ ሰው ነበሩ። ውድድር ባለ ቁጥር ከሁሉም ቀድመው ይደርሱና መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ፣ መረቡን ያስራሉ፤ ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ የመስመር ዳኛ ሆነው ይሮጣሉ። እሳቸው ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ሜዳ ላይ ሳሉ የተነሱትን ፎቶግራፍ እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ያን ሁሉ ዓመት እዚያው የነበርኩ ነኝና እንደማላጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ይሁን እንጂ በሺዎች ከሚቆጠሩ ምስሎች ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ብቻ ነበር፤ በአንዱ ፊታቸው በግማሽ ተቆርጧል፣ በሌላው ጀርባቸውን ሰጥተዋል፣ በሦስተኛው ከግብ አግቢው ኋላ ደብዝዘው ይታያሉ። ሦስቱንም አሳጥቤ ሰጠኋት። አመስግናኝ ሄደች፤ ኀፍረቱ ግን እስካሁን ከእኔ ጋር አለ።

የስፖርት ፎቶግራፍ አንሺ ገና ሥራውን ሲለምድ ዐይኑን ከኳሱ እንዳይነቅል ይማራል። የሚሮጥን ሰው አጥርቶ ለማስቀረት የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ የሚዘጋበት ፍጥነት 1/1000 ሰከንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ መሆን እንዳለበት፣ ረጅም ሌንስ ተጫዋቹን አቅርቦ ከኋላው ያለውን ሁሉ እንደሚያደበዝዝ፣ ምሽት ላይ መብራት ሲደክም ምን መደረግ እንዳለበት ያጠናል። እኔም በትጋት ያጠናሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ያ የሚደበዝዘው ጀርባ ባዶ ቦታ አይደለም፤ በሰፈር ውድድር ላይ ማኅበረሰቡ የሚቆመው እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ፎቶግራፍ አንሺው ኒል ላይፈር ያነሳውን፣ ቡጢኛው መሐመድ አሊ በወደቀው ተጋጣሚው ሶኒ ሊስተን ላይ ቆሞ የሚታይበትን ፎቶግራፍ ብዙ ሰው ያውቀዋል። በአሊ እግሮች መካከል፣ ከመድረኩ ማዶ፣ ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ይታያል፤ በዚያች ቅጽበት የአሊ ጀርባ ብቻ የደረሰው ኸርብ ሻርፍማን ነው። ዕድል ያልቀናው ባለሙያ ሳይቀር በስሙ ይታወቃል ማለት ነው። በሰፈር ዋንጫ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ዋንጫውን ያነሳውን አምበል ስም እንኳ የሚያስታውስ ላይገኝ ይችላል፤ ጋዜጣ አልዘገበውም፣ ቴሌቪዥንም አልቀረጸውም። ያ ቀን ያለው ማስረጃ እኛ የምናነሳው ፎቶግራፍ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ካሜራን ወደ ተመልካቹ ማዞር አዲስ ሐሳብ አይደለም። ፎቶግራፍ አንሺው ሮበርት ካፓ እ.ኤ.አ. በ1939 የቱር ደ ፍራንስን የብስክሌት ውድድር ሲዘግብ በፈረንሳይ ብሪታኒ ውስጥ ፕሌይቤን በተባለች ቦታ፣ በተወዳዳሪው ፒየር ክሎአሬክ የብስክሌት ሱቅ ፊት የተሰበሰቡ ሰዎችን አንስቷል። ብስክሌተኞቹ ሲያልፉ የሰዎቹ ራስ አብሮ ይዞራል። ከውድድሩ ይልቅ ውድድሩን ሊያይ የወጣው ሕዝብ ራሱ ታሪክ ሆኖ ቀረ። የእኔ ሐሳብ ከዚህ አንድ እርምጃ ይቀጥላል፦ ሰዎቹን ማንሳት ብቻ ሳይሆን ማን እንደሆኑ መጻፍም የፎቶግራፍ አንሺው ግዴታ ነው።

ዛሬ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ ካሜራ ስላለው ይህ አያሳስብም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ቀድሞ አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘውን 36 ምስል፣ በሰከንድ 20 የሚያነሳ ካሜራ ሁለት ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። የበዛው ምስሉ ነው እንጂ መዝገቡ አይደለም። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራል፤ ብዙዎቹ የማኅበራዊ መገናኛ መድረኮችም ምስሉን ያሳንሱታል፣ አብሮት የተቀመጠውንም መረጃ ይቆርጡታል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሰፈር ቡድን ፎቶግራፎቹን የሚያሰባስብ አንድ ኃላፊ ቢመድብ፣ ኃላፊውም ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም በየምስሉ መግለጫ ላይ ቢጽፍ፣ ቅጂውንም በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ቢያስቀምጥ መልካም ነው። የተመረጡትን በወረቀት አሳትሞ ከጀርባቸው ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ መጻፍም አይከፋም።

የሕፃናት ጉዳይ ግን ጥንቃቄ ይሻል። የልጅን ስም ከፎቶግራፉ፣ ከትምህርት ቤቱና ከሚለማመድበት ሰዓት ጋር አያይዞ ለማንም በሚታይ ቦታ መለጠፍ አደጋ አለው። ወላጅ ሳይፈቅድ ምስሉም መውጣት የለበትም። ስሙ በመዝገብ ውስጥ ይቀመጥ፤ ልጁ አድጎ ሲጠይቅ ያገኘዋል።

አሁን ወደ ሜዳ የምሄደው ጨዋታው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ቀድሜ ነው። ባለፈው ውድድር መስመሩን ያሰምር የነበረው አንድ ወጣት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ኖራውን ሲያፈስ፣ ቀና ብሎ መስመሩ መቅናቱን ሲያይ አነሳሁት። ከዚያም ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ሙሉ ስሙን ጠየቅሁት፤ ፊደሉን እንዳልሳሳት የጻፍኩትን አሳየሁትና አንዷን ፊደል አረመልኝ።