ይድረስ ለክቡር ማንቂያ ኢሜይል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ሰነበቱ? እኔ እንዴት እንዳደርኩ መቼም ያውቃሉ። ሌሊቱን አብረን ነበርን፤ የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮች ችግር ሲገጥማቸው እኔን እንዲቀሰቅሱ የተመደቡት እርስዎ ነዎትና።

የደብረ ብርሃንን ብርድ እዚያ ሰርቨር ውስጥ ሆነው የሚያውቁት አይመስለኝም። እዚህ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነን። በኅዳር ሌሊት የመንዝ ባና ደርቦ የተኛ ሰው እጁን ወደ ስልክ የሚሰደው ለትልቅ ጉዳይ ነው። ትልቅ ጉዳይ መስሎኝ ስከፍትዎ «ባክአፕ ተጠናቋል፤ 0 ኤረር» ይሉኛል፤ መጠባበቂያ ቅጂው ያለ አንዳች ስህተት ተቀምጧል ማለትዎ ነው። እግዜር ይስጥልኝ! «ኤረር» የሚል ቃል ያለበትን ሎግ (ሲስተሞች የሚጽፉትን የውሎ መዝገብ) ሁሉ ላክ ተብለዋል፣ ላኩ። ዜሮዋን ማንበብ የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ለጋስነትዎ ደግሞ! ኔትወርክ ትንሽ ሲቆራረጥ እያንዳንዷ የሎግ መስመር ለብቻዋ ኢሜይል ትሆናለች። አንዴ ከላኩ በኋላ ለ5 ወይ ለ10 ደቂቃ ዝም የሚያሰኝዎ ሴቲንግ አለ። እርስዎን ያቋቋመው ሰውዬ ግን ዜሮ አድርጎት ሥራ ለቀቀ። አሁን አዲስ አበባ ነው አሉ፣ ሙቀት ላይ።

ሲስሎግ የሚባለው የሎግ አጻጻፍ ሥርዓት እኮ የችግሩን ክብደት በቁጥር ለይቶ ነው የሚጽፈው። 0 ከሆነ ሲስተሙ አልቆለታል፣ 7 ከሆነ የዴቨሎፐሮች ወሬ ነው። እርስዎ ዘንድ አድልዎ የለም። ሁሉም «አስቸኳይ» ነው።

ቅር ያለኝ የሎግ ሰርቨሩ ዲስክ የሞላ ለት ነው። ዲስኩ ሞላ፣ አዲስ ሎግ መግባት አቆመ። ሎግ ካልገባ የሚቆጠር ኤረር የለም። ኤረር ከሌለ ደግሞ አገር ሰላም ነው! «10 ደቂቃ ሙሉ ምንም ካልመጣ ንገረኝ» ብሎ ያዘዘዎት የለማ። በዚያው ሌሊት የሒሳብ ሲስተሙ ወደቀ። እኔ ለጥ ብዬ ተኛሁ፤ ለዚህስ አመሰግናለሁ። ጠዋት የነገሩኝ የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር አልከፍት አለኝ'ኮ» አሉኝ። ያለ ኢሜይል መላኪያው ኤስኤምቲፒ፣ ያለ በሩ ፖርት 587፣ በእግራቸው መጥተው።

የኢሜይል ሰርቨሩ የወደቀ ጊዜማ የመውደቁን ዜና በዚያው በወደቀው ሰርቨር ሊልኩልኝ ሲታገሉ ነበር። ጽናትዎን አደንቃለሁ። ሰርቨሩ ሲነሳ በማግስቱ ደረሰኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለስፓም ፎልደር (እንዲያውቀው)