የቀበሌ ቤት ቅርስ አይሆንም ያለው ማነው?

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሆኜ አንድ የሬዲዮ ውይይት እሰማ ነበር። ጉዳዩ ስለሚፈርሱ ሰፈሮች ነው። አንድ እንግዳ፣ ዘፋኝ ያደገበትን ጭቃ ቤት ሁሉ ቅርስ ካልን ከተማው አይለማም፣ ድምፃቸው እንደሆነ በካሴት ቀርቷል አሉ። አዘጋጁ "እሺ" ብሎ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ።

"ሁሉ" ያለው ማነው? ማንም አላለም። ጥቂት ቤቶች ተለይተው ይትረፉ ነው የተባለው። ጭቃ ቤት ቅርስ አይሆንም የሚለውስ ከየት መጣ? አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የሚለካው በታሪክ፣ በባህልና በኪነ ጥበብ ዋጋው ነው። ግድግዳው ድንጋይ ይሁን አይልም።

እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ከተማ፣ ፎርዝሊን ሮድ ላይ የቢትልስ ባንድ ዘፋኙ ፖል ማካርትኒ በጉርምስናው የኖረበት ቤት አለ። የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤት ነበር። በእኛ አማርኛ የቀበሌ ቤት ማለት ነው! ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 ገዛው። ዛሬ ሰው ትኬት ቆርጦ ይገባል። የሚያየው ቤተ መንግሥት አይደለም። ፖልና የባንድ ጓደኛው ጆን ሌነን ጊታር ይዘው ዘፈን የጻፉበትን ጠባብ ሳሎን ነው።

አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ኒና ሲሞን የተወለደችበት ቤት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ኖርዝ ካሮላይና፣ ትራዮን የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ባለ ሦስት ክፍል የእንጨት ቤት። እ.ኤ.አ. በ2017 አራት ጥቁር አርቲስቶች ገንዘብ አዋጥተው በ95 ሺህ ዶላር ገዝተው አዳኑት። ከአራቱ አንዷ አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ናት። የእኛ ልጅ እዚያ ቤት ታድናለች፤ እኛ እዚህ ዶዘር እናስገባለን። ይሄ አንጀቴን ያሳርረኛል።

ሐረርም የራምቦ ቤት አለን። ፈረንሳዊው ገጣሚ እዚያ ቤት መኖሩ ራሱ አጠራጣሪ ነው። ቢሆንም በስሙ ሙዚየም ሆኗል። ይሁን፣ ደስ ይለኛል። ታዲያ ለራምቦ የተገኘው ቤት አሜሪካን ግቢ ተወልዶ ሊስትሮ ሆኖ ለሠራው ለማህሙድ አህመድ ሲሆን ለምን ይጠፋል? ወሊሶ አያቱ ዘንድ ላደገው ለጥላሁን ገሠሠስ?

ካሴቱ አለ ለሚሉን፦ ካሴት ዘፈኑን ይዟል። ዘፈኑ የመጣበትን ግቢ አልያዘም። እኔ ያደግኩበት ግቢ አምስት ቤት ነበረው፣ ሬዲዮ ግን አንድ። ግድግዳችን ጋዜጣ የተለጠፈበት ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። ማታ ጋሼ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ ያደርጉታል፣ ግቢው በሙሉ ጸጥ ይላል። እማማ ቡና እየወቀጡ ያንጎራጉራሉ፤ ሙቀጫው ራሱ ምት ይሰጣቸዋል። ከወዲህ የቤተ ክርስቲያን ማሕሌት፣ ከወዲያ አዛን። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ለመሰማት የግድ ጉሮሮህን መክፈት አለብህ። የእኛ ዘፋኞች ድምፅ የተሳለው እንዲህ ባለ ግቢ ነው። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ በእጄ የለም፤ ግን አንዴ እዚያ ቤት ቆሞ ዝናብ የሰማ ሰው አይከራከረኝም። ይህን የትኛው ካሴት ነው የሚያሳየው?

መንገዱ ይስፋ፣ ፍሳሹም ይሠራ። ሰው ጭቃ ቤት ውስጥ ይኑር አላልኩም። አንዲት ክፍል ከነቆርቆሮዋ፣ በሯ ላይ ስም ተጽፎባት ብትቆም የትኛው ልማት ነው የሚደናቀፈው?

ደግሞ ጊዜ የለንም። የትኛው በር የማን እንደነበር በጣታቸው የሚያሳዩ እናቶች ዛሬም አሉ። ሰፈሩ ሲነሳ አንዷ አንዱ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላዋ ሌላው ጋ ትደርሳለች። ከዚያ በኋላ ማንን እንጠይቃለን? ከዶዘሩ በፊት ደብተርና ካሜራ የያዘ ሰው ወደ እነሱ ይላክ፤ በዚህ ሳምንት።