ዜሮ ማስጠንቀቂያ

በኮምቦልቻው መሥሪያ ቤታችን በቀረበው የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «የኮድ መተንተኛ ፕለጊን በሁሉም ፕሮግራመሮች ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ሥራ ጀምሯል፤ የማስጠንቀቂያዎቹም ብዛት ወደ ዜሮ ወርዷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰፍሮ ነበር፤ ተሰብሳቢውም አጨበጨበ። እኔ ግን ፕለጊኑ፣ ማለትም በኮድ መጻፊያው ላይ የሚደረበው ተጨማሪ ፕሮግራም፣ በተጫነ ሰሞን በዚያው ኮድ ላይ ሺህ ምናምን ማስጠንቀቂያ ሲያዘንብ ስላየሁ፣ ከዚያ ወዲህም ከጥቂት የላይ ላይ ለውጥ በቀር ከኮዱ የታረመ ነገር እንደሌለ ስለማውቅ፣ እጄ ለጭብጨባ አልነሣም አለኝ። ዜሮው የተገኘበት መንገድ አጭር ነው። ፕለጊኑ እንዲያልፋቸው የሚፈለጉ ፋይሎች በሚመዘገቡበት ቦታ «የትኛውንም ፋይል በየትኛውም ደንብ አትንካ» የምትል አንዲት መስመር ገብታለች። ይኸው ነው። ተቺው ፕለጊን ሥራውን አልለቀቀም፤ በየማለዳው ከእኛ ጋር ይነሣል፣ ማኅደረ ትውስታችንን ይካፈላል፣ ነገር ግን እንዳይናገር ተደርጓል።

ይህን ያደረገውን ወጣት ባልደረባዬን ስጠይቀው፣ በትሕትና «ጋሼ፣ ዝም ካለ ምን ጎደለብዎት?» አለኝ። የጎደለብኝን ለማስረዳት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይኖርብኛል።

ፕለጊኑ ቼክስታይል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፣ ጃቫ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ሳያስኬድ እንደ ጽሑፍ ብቻ አንብቦ አጻጻፉን የሚተች ነጻ መሣሪያ ነው። ይህ ዓይነቱ ትችት አዲስ ነገር አይደለም፤ ስቲቨን ጆንሰን የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1978 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሊንት የተባለውን የሲ ቋንቋ ተቺ ከጻፈ ወዲህ እያንዳንዱ የፕሮግራም ቋንቋ የየራሱን ነገረኛ አፍርቷል። የፓይተኑ ፓይሊንት እንዲያውም ከ10 ነጥብ ይሰጣል፤ ኮዱ በጣም ሲከፋበት ውጤቱን ከዜሮ በታች ለማውረድ የማያፍርበት ዘመንም ነበረው። እንዲህ ያለ መምህር በእኔ ዘመን ቢኖር ኖሮ ስንቱ ተማሪ አገር ጥሎ ይጠፋ ነበር።

ስለ አጫጫኑ ብዙ የሚባል የለም። ኮድ በምንጽፍበት በቪኤስ ኮድ የኤክስቴንሽን (የተጨማሪ ፕሮግራሞች) ገጽ ላይ ስሙን መፈለግ፣ «ኢንስቶል» የሚለውን መንካት፣ መብራትና ኔትወርክ ተስማምተው በአንድ ላይ የሚገኙበትን ሰዓት መጠበቅ ነው። ቼክስታይል ከሥሪት 10 ጀምሮ ከጃቫ 11 በታች ስለማይሠራ በአሮጌዎቹ ኮምፒውተሮቻችን ላይ የነበረውን ጃቫ 8 መቀየር ግድ ሆኖ ነበር፤ እሱም በሰላም አለፈ። ጣጣው ያለው ከዚያ በኋላ በሚቀርበው ጥያቄ ላይ ነው፤ በማን ደንብ ይፈረድ? ከመሣሪያው ጋር ዝግጁ የደንብ ፋይሎች ይመጣሉ፤ አንዱ በጃቫ ፈጣሪው በሰን ኩባንያ የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ሌላው በጉግል ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው። የእኛ ሰዎች የሰንን መረጡ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ደንቡን ከፍቶ ያነበበም አልነበረም።

የሰን ደንብ አንድ መስመር ከ80 ፊደል እንዳይበልጥ ያዛል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ሰው ታሪኩ እ.ኤ.አ. ወደ 1928 ይመልሰዋል፤ አይቢኤም በዚያ ዓመት ባለ 80 ዓምድ የሚበሳ የመረጃ ካርድ አወጣ፤ ልማዱም ከካርዱ ወደ ተርሚናል፣ ከተርሚናሉ ወደ ደንብ ፋይል ተሸጋገረ። ጉግል በበኩሉ ለጃቫ 100 ፈቅዷል። እንግዲህ ቦርከና ወንዝ አጠገብ፣ ሁለት ጋቢ በሚያክል ሰፊ ስክሪን ፊት ተቀምጠን፣ ማናችንም በዓይናችን አይተነው ለማናውቀው ካርድ እየተገዛን መስመር እንቆርጣለን።

ይህ ግን ያሥቀኛል እንጂ አያናድደኝም። ያናደደኝ የአራት ነጥቡ ጉዳይ ነው። ወጣቱ ባልደረባዬ በኮዱ ላይ ማብራሪያ ሲጽፍ ጥርት ባለ አማርኛ ይጽፋል፤ ዐረፍተ ነገሩንም እንደ ወጉ በአራት ነጥብ ይዘጋል። ፕለጊኑ ደግሞ «የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር በነጥብ መዘጋት አለበት» እያለ በእያንዳንዱ ማብራሪያ ሥር ቢጫ መስመር ያሰምራል፤ ምክንያቱም ደንቡ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ አድርጎ የሚያውቃቸው የላቲኑን ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክትንና የቃል አጋኖን ብቻ ነው። የግእዝ ፊደል ከእነ አራት ነጥቡ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 በተባለው የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ደንቡ ነው። ልጁ ምን አደረገ? ከላይ እስከ ታች አራት ነጥቡን እየነቀለ በአንድ ነጥብ ተካው! ያን ያየሁ ቀን ንዴቴን መደበቅ አልቻልሁም። የደንብ ፋይሉ ውስጥ የዐረፍተ ነገር መዝጊያዎች የሚዘረዘሩበት ቦታ አለ፤ እዚያ አራት ነጥብን መጨመር ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ሥራ ነው። መሣሪያው እንድናስተምረው በሩን ከፍቶ ቆሞ ሳለ እኛ ሥርዓተ ነጥባችንን አውልቀን ልንገባለት ተሽቀዳደምን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የ13 ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ የቆየ ቂም እንዳለብኝ አንባቢ ቀድሞ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ፕለጊኑ ያለ ስም የተጻፈ ቁጥር ሲያገኝ ያጉረመርማል፤ ሳይጠይቅ የሚያሳልፋቸው ከዜሮ በታች አንድን፣ ዜሮን፣ አንድንና ሁለትን ነው። ወሩ 13 ከሆነ ጳጉሜን ነው የሚለው መስመራችን ላይ ሲደርስም «ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» አለ። ፍርዱ ትክክል ነው፤ 12ንም ቢያገኝ ያው ይል ስለነበር አድልዎ የለበትም። ወጣቱ ባልደረባዬ ቁጥሩን «አሥራ ሦስት» ብሎ ሰይሞ 13ን አስገባበት። ፕለጊኑ ረካ፤ የኮዱ አንባቢ ግን ስለ ጳጉሜን ምንም አላወቀም። ቂሜ ከፕለጊኑ ጋር አይደለም፤ ከራሱ ከጃቫ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃቫ 8 አዲሱን የቀንና የሰዓት ክፍል ይዞ ሲወጣ የጃፓንን፣ የታይላንድ ቡድሂስቶችን፣ የታይዋንንና የሒጅራን አቆጣጠር አብሮ አካተተ፤ የእኛን ግን ሌሎች ሰዎች ለሚያዘጋጇቸው ላይብረሪዎች (ተጨማሪ የኮድ ስብስቦች) ተወው። ዐሥራ ሁለት ወር ከሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ በመጨረሻ አምስት ወይም ስድስት ቀን፤ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የት ይገኛል? የሒጅራ ሰሌዳ ያልከበደው ሰው ጳጉሜን ከበደው ማለት አልዋጥ ይለኛል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እጅግ የምወድደው ተረት «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ኮምቦልቻ ለሚወርድ ሰው ይህ ተረት ማብራሪያ አያሻውም፤ ሣሩም ገደሉም በመስኮት ይታያሉና። በዚያ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ የደኅንነት ቀበቶውን ሳይቆልፍ ደረቱ ላይ ጣል የሚያደርግ ሾፌር ሁሉም ተሳፋሪ ያውቃል፤ የእኛም ዜሮ ከዚያ ቀበቶ የሚለይበት ነገር የለም። ፖሊሱ ይረካል፤ ገደሉ ግን ቀበቶ መታሰሩን በቅርብ ርቀት ከማረጋገጥ ወደኋላ አይልም።

የእኛ ገደል የትኛው ነው ቢባል፣ ኮዳችን ውስጥ የከተማ ስሞች በሁለት የእኩል ምልክት ይነጻጸሩ ነበር። ጃቫ በዚህ ምልክት የሚያነጻጽረው ጽሑፉን ሳይሆን ጽሑፉ በማኅደረ ትውስታ የተቀመጠበትን ቦታ ስለሆነ፣ ፊደሉ አንድ ሆኖ ሳለ «ኮምቦልቻ» ከ«ኮምቦልቻ» ጋር እኩል አይደለችም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ሰጠም። የደንበኞች ዝርዝር ሲወጣ ኮምቦልቻ ውስጥ ተቀምጠን የኮምቦልቻን ደንበኞች አጣን። የሰን ደንብ በዚያች መስመር ላይ ያገኘው ነውር ቢኖር ከ80 ፊደል መብለጧን ነው። ይህን ዓይነቱን ስሕተት የሚይዘው ሌላ መሣሪያ ነው፤ ስፖትበግስ ይባላል፤ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው የፋይንድበግስ ወራሽ ሲሆን፣ ጽሑፉን ትቶ ከተጠናቀረው ባይትኮድ (ኮዱ ለማሽን ከተተረጎመበት ቅጂ) ላይ ያነብባል። አንዱ ሣሩን፣ ሌላው ገደሉን ይጠብቃል፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኛ የሣሩን ጠባቂ ብቻ ቀጥረን እሱንም አፉን ዘጋነው።

መሥሪያ ቤታችን ዜሮ መውደዱ ድንገት የመጣ አይደለም። በሩ ላይ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል፤ ወረቀት እስከ አፉ ሞልቶ ሌላ አላስገባ ብሏል፤ በየሪፖርቱ ግን «ከተገልጋይ የቀረበ ቅሬታ የለም» ይባላል። ሳጥኑ ይሰበር ብዬ ሐሳብ ባቀረብሁ ጊዜ፣ ሐሳቤን በጽሑፍ አድርጌ ሳጥኑ ውስጥ እንድጨምር ተነግሮኛል። ይህን ቂሜን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

የሆነ ሆኖ የደንብ ፋይሉን በአዲስ መልክ አዘጋጅቻለሁ። አራት ነጥብ የዐረፍተ ነገር መዝጊያ ሆኖ ገብቷል፤ የመስመሩ ልክ ወደ 100 ከፍ ብሏል፤ 13 የጳጉሜን ወር ቁጥር መሆኑን የሚናገር ስም አግኝቷል፤ ስፖትበግስም ለመጫን ዝግጁ ነው። ያችን ሁሉን ዝም የምታሰኘውን መስመር ለመሰረዝ ስጠይቅ ግን ሥራ አስኪያጃችን ሪፖርቱ ወደ በላይ አካል መላኩን አስታወሱኝ፤ ዜሮ የተባለ ነገር በአንድ ሌሊት ሺህ ቢሆን ማን ይጠየቃል? ስለዚህ አዲሱ በጀት ዓመት እስኪገባ፣ እስከ ሐምሌ 1 ድረስ እንድታገሥ ተወስኗል። ስለ 13ኛው ወር እንዳልጨነቅም አጽናንተውኛል፤ ጳጉሜን የምትመጣው ከሐምሌ በኋላ ስለሆነ ጊዜ አለን ብለዋል።