ልጄ ጥምቀት ላይ አይታኝ ዞረች
ወላጆቹ ከተለያዩ በኋላ አንዱን ስለሚሸሽ ልጅ አንድ ጽሑፍ አነበብሁ። ጽሑፉ «በአንዱ ወላጅ ላይ የተነሣ ልጅ ሲያድግ እውነቱን ያውቃልና ታግሶ መጠበቅ ነው» ይላል። እስኪያድግ ያለውስ ጊዜ?

ከልጄ እናት ጋር ከተለያየን አራት ዓመታችን ነው። ሁላችንም ጎንደር ነን፤ እነሱ አዘዞ፣ እኔ ማራኪ። መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣ ነበር። ከዚያ «አሟታል»፣ ከዚያ «ፈተና አለባት»፣ በኋላ ስልኩም አይነሣም። ያለፈው ጥምቀት ፋሲል መዋኛ ግርግሩ ውስጥ ዐይን ለዐይን ተጋጨን፤ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ዞረች። ኋላ በአያቷ ስልክ «ትዳር አፍርሰህ ሄደህ አሁን ምን ፈለግህ?» አለችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የማን ቃል እንደሆነ አላጣሁትም።

ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል። በሕይወት ላለች ልጅ ማን ያስተዛዝናል? እኔስ አዋቂ ነኝ፤ እሷ ግን አንዱን ለማስደሰት ሌላውን መውደዷን መደበቅ ተምራለች፣ በዚህ ዕድሜዋ!

ጽሑፉ የዘለለው ነገርም አለ። ልጅ በአንዱ ወላጁ ላይ የሚነሣበትን ይህን ሁኔታ በ1985 እ.ኤ.አ. «የወላጅ መነጠል ሲንድረም» (ሲንድረም የሕመም ምልክቶች ስብስብ ማለት ነው) ያለው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሪቻርድ ጋርድነር ነው፤ በሽታ ተብሎ ግን ተቀባይነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. «የወላጅ መነጠል» የሚለውን ቃል ከበሽታዎች መዘርዝሩ ማውጫ ሰርዞታል። ዱላ ካለበት ቤት የሚሸሽ ልጅ ፍርሃቱ እውነተኛ ነውና ስሙ ለተደባዳቢ አባት መሸሸጊያ መሆን የለበትም። የልጄ እናትም የራሷ ታሪክ ይኖራታል።

ሽማግሌ ልኬ በወር አንድ ቅዳሜ አያቷ ቤት እንድንገናኝ ተስማምተናል። የመጀመሪያው የፊታችን ሳምንት ነው። ዳቦ ቆሎ ትወድ ነበር፤ አሁን እንጃ።